ማንኪያው ብር ነው ወይስ የብር ቅብ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በለንደን ነው። ለስድስት ዓመታት የተንከባከብኳቸው እንግሊዛዊት አረጋዊት ሲያርፉ፣ ማንኪያ፣ ሹካና ቢላዋ የሞላበት ሣጥን ከአንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ጋር በኑዛዜ ተዉልኝ። አንድ ነጋዴ በማግኔት ሞክሮ «ሁሉም ቅብ ነው» ካለ በኋላ ለጠቅላላው አርባ ፓውንድ ሊከፍለኝ ፈለገ። ልጆቼ ግን ሁሉም እውነተኛ ብር ነው ይላሉ። ማንን ልመን?
አንዲት አንባቢ፣ ከለንደን

መልስ፦ ለጊዜው ማንንም አይመኑ። ማግኔት ብረትን ይለያል እንጂ ብርን ከቅብ አይለይም። ብርም፣ በቅቡ ሥር የሚገኘው መዳብ ወይም የኒኬል ቅይጥም በማግኔት አይሳቡም፤ በአንጻሩ የቢላዋው ስለት ብረት በመሆኑ እጀታው ብር ቢሆን እንኳ ይሳባል። የነጋዴው ሙከራ ምን እንዳሳየው አልገባኝም።

የሚታመነው ማኅተሙ ነው። አጉሊ መነጽር ይዘው የማንኪያውንና የሹካውን እጀታ ጀርባ፣ የማንቆርቆሪያውን ደግሞ ግርጌ ይመልከቱ። በእንግሊዝ አገር ተመርምሮ የታተመ ስተርሊንግ ብር፣ ማለትም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነ ዕቃ፣ ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ ይታይበታል። (አያቶቻችን መስቀልና አምባር ያሠሩበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 833 ገደማ ብቻ ነበር።) ከአንበሳው አጠገብ የመርማሪውን ከተማ የሚያመለክት ምልክት ይኖራል፤ የነብር ራስ ለለንደን፣ መልሕቅ ለበርሚንግሃም ነው። ዓመቱን የሚናገር ፊደልና የሠሪው መለያም ይጨመራሉ። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካዩ ደግሞ ከ1784 እስከ 1890 እ.ኤ.አ. ይከፈል የነበረው የግብር ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ዕቃ ለብቻው ያስቀምጡት።

አታላዩ «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚለው ጽሑፍ ነው፤ ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ፊደል በትንሽ ጋሻ ውስጥ ስለሚከቱት ከሩቅ ማኅተም ይመስላል። ትርጉሙ ግን «በኤሌክትሪክ ብር የተለበጠ የኒኬል ብር» ሲሆን፣ «የኒኬል ብር» የተባለውም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንጂ አንዲት ጠብታ ብር የለበትም። ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ማኅተሙ ከጠፋ ብዙ የሚነካውን ቦታ፣ ለምሳሌ የማንኪያውን ሆድ ጀርባ ይዩ፤ ቀይ ወይም ቢጫ ቀለም ብቅ ካለ ቅቡ ተልጧል ማለት ነው። በአሲድ ግን ራስዎ አይሞክሩ፤ የቅቡ ገጽ ራሱ ብር ስለሆነ ሳይፋቅ ያታልላል፣ ሲፋቅ ደግሞ ዕቃው ይበላሻል። የጠቆረውንም ቢሆን ከመሸጥዎ በፊት አይወልውሉት።

ወደ ሽያጩ ስንመጣ፣ አንበሳ ያለባቸውን ማንኪያዎችና ሹካዎች ብቻ ለይተው ይመዝኑ። ቢላዋዎቹን አይጨምሩ፤ እጀታቸው በስስ ብር የተሸፈነ ሆኖ ውስጡ ሙጫ መሰል ነገር ነው። የብር ዋጋ የሚነገረው በትሮይ አውንስ ሲሆን፣ እርሱም 31.1 ግራም ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛንዎ የሚያሳየው አውንስ 28.35 ግራም ስለሆነ በግራም መዝነው ያስሉ። ለምሳሌ 1200 ግራም ስተርሊንግ ውስጥ 1110 ግራም ንጹሕ ብር፣ ማለትም 35.7 ትሮይ አውንስ ገደማ አለ። ይህን በዕለቱ ዋጋ ያባዙት። አቅልጦ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚያ ዝቅ አድርጎ መስጠቱ የንግድ ወግ ነው፤ ሆኖም ቁጥሩን ይዘው ሲገቡ ዝቅታው ምን ያህል እንደሆነ ይታይዎታል። አሮጌ ወይም የታወቀ ሠሪ ያለበት ዕቃ ግን ከመቅለጫ ዋጋው በላይ ሊያወጣ ስለሚችል፣ በሚዛን ከመሸጥዎ በፊት ለጨረታ ቤት ባለሙያ ያሳዩት። ኮሚሽኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቅብ የሆነው ዕቃ ርካሽ ነው፤ እኔ ብሆን በቤቴ እጠቀምበት ነበር።

ማንቆርቆሪያው ላይ አንድ ነገር ያጣሩ። የብር እጀታ ሙቀት እንዳያስተላልፍ በድሮ ጊዜ ሁለት ነጫጭ የዝሆን ጥርስ ቁራጮች ይገቡበት ነበር። የእንግሊዝ ሕግ ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝሆን ጥርስ ያለበትን ዕቃ መሸጥ ከልክሏል፤ ከ1947 በፊት ተሠርቶ የጥርሱ መጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ሊፈቀድ ቢችልም፣ በቅድሚያ መመዝገብ አለበት። የኑዛዜውን ቅጂም ይዘው ይሂዱ፤ ጠንቃቃ ገዢ ዕቃው እንዴት እጅዎ እንደገባ ይጠይቅዎታል።