በወጨጫ ድንጋይ ላይ የታየው ቅርንጫፍ የጥንት ሕይወት ዱካ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሰበታ ዳርቻ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ለአጥር ሥራ ከወጨጫ ግርጌ ካለ የድንጋይ ካባ ያስመጣነውን ድንጋይ ግንበኛው በመዶሻ ሲፈልጠው፣ በተሰነጠቀው ገጽ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር ሥዕል ወጣ። አባቴ «ተራራው እሳት ሲተፋ የተቃጠለ ተክል ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በድንጋይ ውስጥ ዱካ መተዋቸውን ስላነበብሁ፣ ይህ ከዚያ ወገን ይሆን እያልሁ አስባለሁ። አጥንትም ቅርፊትም የሌለው ፍጥረት እንዴት ዱካ ይተዋል? ድንጋዩንስ ለተማሪዎቼ ቅሪተ አካል ነው ብዬ ባሳያቸው ትክክል ነው? ፎቶግራፉን ልኬያለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ሥዕል ተክልም ረቂቅ ተሕዋስም ሳይሆን የማንጋኒዝ ኦክሳይድ መሆኑን የሚያመለክቱ ነገሮች ይበዛሉ። ማንጋኒዝ የሟሟበት ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰርግ፣ ማዕድኑ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ በስንጥቁ ገጽ ላይ ይቀመጣል፤ አዲሱ ቅንጣትም ቀድሞ ከተቀመጠው ጫፍ ላይ መያዝ ስለሚቀናው ቅርጹ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። ሥዕሉ ያለበትን ጠርዝ በትንሹ ሰብረው በጎን በኩል ይመልከቱት፤ ጥቁሩ ነገር ከላይ ብቻ ስስ ሆኖ ተለብጦ ይገኛል እንጂ ወደ ድንጋዩ ሆድ አይዘልቅም። በማጉያ መነጽር ቢያዩትም የቅጠል ጅማት አያገኙበትም።

የአባትዎ ግምት መሠረት የሌለው አይደለም። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር በእርግጥ እሳተ ገሞራዎች ነበሩ፤ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረ እንጨትም ወደ ድንጋይነት የሚለወጥበት ጊዜ አለ። ሆኖም የእነዚህ ተራሮች ድንጋይ ዕድሜ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ፣ የ3 ቢሊዮን ዓመት ዱካ በሰበታ ድንጋይ ውስጥ መፈለግ አይቻልም።

አጥንት የሌለው ፍጥረት ዱካ የሚተወው በአብዛኛው በአካሉ ሳይሆን በሥራው ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ሳይኖባክቴሪያዎች፣ ማለትም እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ የሚያጣብቅ ልጋግ ስለሚያመነጩ፣ ውኃው የሚያመጣው ደቃቅ አሸዋና ጭቃ ይያዝባቸዋል። ደለሉ ብርሃን ሲከልላቸው ወደ ላይ ይወጡና አዲስ ምንጣፍ ይሠራሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃው ሲወስዱም ኖራ እንዲዘቅጥ ያደርጋሉ። ይህ ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ስትሮማቶላይት የሚባል፣ ስስ ንብርብር በንብርብር ላይ የተነባበረበት ጉብታ ይፈጠራል። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ጨውነቱ ከተራ ባሕር እጥፍ ያህል በሆነ ውኃ ውስጥ፣ ዛሬም በዓመት ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ያድጋሉ። በዚያው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ በተባለው ምድር የሚገኙት የድንጋይ ስትሮማቶላይቶች ደግሞ ወደ 3.48 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋሉ። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የምድርን አየር በኦክስጅን መሙላት የጀመሩት እነዚሁ ሳይኖባክቴሪያዎች መሆናቸውን ሳስብ፣ ለእነርሱ ያለኝ አክብሮት ከየትኛውም ግዙፍ እንስሳ ቅሪተ አካል ፊት ከሚሰማኝ ይበልጣል።

የእርስዎ ጥርጣሬ በትልልቆቹ ተመራማሪዎች ዘንድም የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አለን ነትማንና ባልደረቦቻቸው በግሪንላንድ፣ ኢሱዋ በተባለ ስፍራ፣ 3.7 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ድንጋይ ላይ ስትሮማቶላይት የሚመስሉ ትናንሽ ሾጣጣ ጉብታዎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን አቢጌል ኦልዉድና ጓዶቿ ድንጋዩን ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም መርምረው፣ ሾጣጣ የመሰለው ነገር በረዥሙ የተዘረጋ ሸንተረር መሆኑንና ውስጡም ሕይወት የሠራው ንብርብር እንደማይታይበት ገልጸው፣ ቅርጹ ድንጋዩ በመሬት ውስጥ ግፊት ሲጨማደድ የመጣ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በእኔ አስተያየት የኦልዉድ ክርክር ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና። ድንጋዩ ሕይወት ሊኖር በሚችልበት ስፍራ መፈጠሩ፣ የውስጥ አሠራሩና ኬሚካዊ ይዘቱ ሁሉም በአንድነት ሊመሰክሩ ይገባል።

ከኬሚካዊ ምስክሮች ዋነኛው ካርቦን ነው። ሕይወት ያለው ነገር ምግቡን ሲሠራ ከከባዱ ካርቦን 13 ይልቅ ቀላሉን ካርቦን 12 አብልጦ ስለሚወስድ፣ በአካሉ ቅሪት ውስጥ የሚገኘው ካርቦን በቀላሉ ዓይነት የበለጸገ ይሆናል፤ ያለ ሕይወትም ተመሳሳይ ውጤት የሚሰጡ ሂደቶች ስላሉ ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት አገራችንም ድርሻ አላት፦ በትግራይ፣ በተምቤን ስም የሚታወቁት ከ700 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች፣ በዚያ ዘመን በባሕሮች ካርቦን ላይ የደረሰውን ለውጥ መዝግበው ይዘዋል።

ድንጋዩን ለተማሪዎችዎ ያሳዩ፤ ነገር ግን «የማንጋኒዝ ሥዕል» ብለው ይጻፉበት። ከጎኑ ደግሞ ከሙገር ወይም ከዓባይ ሸለቆ የመጣ፣ በጥንት ባሕር ውስጥ የተፈጠረ የኖራ ድንጋይ ቢያስቀምጡ መልካም ነው። ሁለቱንም በጥቂቱ ፍቀው በዱቄታቸው ላይ ሎሚ ያንጠብጥቡ፤ የኖራው ዱቄት አረፋ ሲያወጣ የሰበታው ዝም ይላል። ከዚያ ተማሪዎቹ ከሁለቱ የትኛው በባሕር ውስጥ እንደተሠራ ራሳቸው ይንገሩዎት።