ልጅህ ለአንጀት ኦፕራሲዮን ሊገባ ከሆነ ይህን አንብብ፤ በተለይ ስለ ዓይኑ የጻፍኩትን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ልጅህ በ28 ሳምንት ተወልዷል፣ ሆዱ ተነፍቶ "አንጀቱ ተጎድቷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል" ተብለሃል፣ ባለቤትህም በኦፕራሲዮን ወልዳ ገና ከአልጋ አልተነሳችም፣ አንተ ብቻህን ትሯሯጣለህ። ምን ልጠብቅ፣ ምን ላድርግ ነው ያልከው። መጀመሪያ እግዜር ይማርልህ። የኛም ልጅ በ27 ሳምንት ተወልዳ በዚሁ መንገድ አልፋለች፤ አሁን ይህን ስጽፍልህ ሶፋ ላይ እየዘለለች ነው። ስለ በሽታው ሐኪሞቹ ነግረውሃል፣ እሱን አልደግመውም።

1. ሳትጠይቅ አትፈርም። እኛን አንድ ተረኛ ሐኪም ኮሪደር ላይ ወረቀት ዘርግቶ "ቶሎ በሉ" ነበር ያለን። መቸኮሉ ልክ ነው፤ አንጀት ከተበሳ ጊዜ አይሰጥም። ግን ሦስት ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሞተውን አንጀት ቆርጣችሁ ልታወጡ ነው ወይስ ለጊዜው ፈሳሹን በቱቦ ብቻ ልታወጡ? የአንጀቱ ጫፍ ሆዱ ላይ ይወጣል ወይ? ሲያልቅ ማን ነው የሚነግረኝ፣ የትስ ልጠብቅ? የመጨረሻዋን እንዳትንቃት። እኛ አንዱ በር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ልጃችን በሌላ በር ወጥታ ቆይታለች። ያስታወሰን ሰው የለም።

2. ሲወጣ አታውቀውም። ያብጣል። የኛ የዓይኗ ቆብ አብጦ ቅንድቧ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። ደግሞ እነዚህ ልጆች ከማደንዘዣ በኋላ መተንፈስ እየረሱ ያቆማሉ፣ ስለዚህ የመተንፈሻው ቱቦ ቶሎ ካልወጣ ነገሩ ተበላሸ ብለህ አትደምድም። ሞኒተሩ በጮኸ ቁጥር እኔ ልቤ ትወርድ ነበር። በኋላ አንዲት ሲስተር "ሞኒተሩን ሳይሆን መጀመሪያ እሷን እያት" አለችኝ። እውነትም ብዙውን ጊዜ እግሯ ላይ የታሰረችው ሽቦ ተንሸራታ ነው የሚጮኸው። ቀለሟ ከተለወጠ ግን ጥሪ እንጂ ትዕግሥት አያስፈልግም።

ስቶማ ከተሠራለት (ሆዱ ላይ የሚወጣው የአንጀት ጫፍ ነው) ስታየው ትሰቀቃለህ። ግን ሲነኩት አያመውም። ቀይና እርጥብ መሆን አለበት፣ ልክ እንደ ከንፈር ውስጥ። ከጠቆረ ሳትውል ሳታድር ንገራቸው። ብዙ ፈሳሽ እያወጣ ክብደት አልጨምር ካለ ደግሞ ጨው እያነሰው ሊሆን ስለሚችል "ሶዲየሙ ታይቷል ወይ?" ብለህ ጠይቅ። ስትጠይቅ ፊት የሚያጠቁር አይጠፋም፣ አትስማው።

3. ባለቤትህ ወተቷን ማለብ አታቁም። "ልጁ በአፉ ምንም አይወስድም፣ ምን ያደርግላታል?" የሚል ዘመድ ይመጣል። አሁን በደም ሥሩ ነው የሚመገበው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ምግብ ሲጀመር በጥቂት ጠብታ ነው፣ ለተጎዳ አንጀት ደግሞ የእናት ወተትን የሚያህል የለም። በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ትለብ፤ ካልታለበ ይደርቃል። ዕቃውን ማጠብና ቀንና ሰዓቱን እየጻፉ መለጠፍ ያንተ ሥራ ይሁን። የኔ ነበር። እጄ በሳሙና ብዛት ተላልጦ ነበር፣ እኮራበታለሁ።

4. ዋናው ይሄ ነው፣ ለሱ ስል ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዓይኑ! ያለጊዜው የተወለደ ልጅ የሬቲናው (ዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ነው) የደም ሥሮች አድገው አላለቁም። በተለይ ኦክስጅን ላይ የቆየ ልጅ ሥሮቹ ያለቦታቸው ሊያድጉና ሬቲናውን ጎትተው ሊያላቅቁት ይችላሉ። አንተ ከውጭ ምንም አታይም። ስለዚህ 4 ሳምንት ገደማ ሲሞላው የዓይን ሐኪም ሊያየው ይገባል፣ ከዚያም ሐኪሙ በቃ እስኪል ይደጋገማል።

የኛ ልጅ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተዛወረች። የዓይን ሐኪሙ ግን የሚመጣው ጨቅላዎቹ ጋ ነው፣ የሚያየውም ዝርዝር ላይ ያሉትን ብቻ። ስትዛወር ስሟ ተሰረዘ። አዲሱ ክፍል ስጠይቅ "እሱ የጨቅላዎች ጉዳይ ነው"፣ እዚያ ስሄድ "ከኛ ወጥታለች"። ቀጠሮ የሚይዘው ቢሮ ስደርስ ያለችው ሴትዮ ከስልኳ ቀና ሳትል "ስሟ የለም" አለች። ለምን እንደሌለ እኮ ነው የምጠይቅሽ! "ሐኪም ይጻፍልህ።" የትኛው ሐኪም? "እኔ ምን አውቃለሁ።" እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። ልጄን ለማትረፍ ቆመው ያደሩ ሐኪሞችና ነርሶች ባሉበት ሕንፃ ውስጥ እኮ ነው።

አልጮህኩም፣ አልተሳደብኩም፣ ግን ከበሩም አልተንቀሳቀስኩም። የተወለደችበትን ሳምንት፣ ክብደቷን፣ ኦክስጅን ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየች የጻፍኩበት ደብተር ነበረኝ። ላለፈ ላገደመው ሐኪም ሁሉ ገልጬ አሳየሁ። አንዲት ወጣት ሐኪም ቆማ አነበበችውና እዚያው ስልክ መታች። በማግስቱ ታየች፣ ከቀኗ አልፎ ማለት ነው። "ሕክምና የሚፈልግ ደረጃ ላይ ደርሷል" ተባልን። እንዲህ ሲገኝ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲታከም ነው የሚመከረው፤ ሌዘር ተሠራላት። ዛሬ መነጽር ታደርጋለች፣ ግን ታያለች። ያቺን ሴትዮ ሰምቼ ወደ ቤቴ ብመለስ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር ግዛ። ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ሰው ይመጣል፣ የልጅህን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የያዝክ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ደም የወሰደበትን ቀን፣ ምግብ የተጀመረለትን ቀን፣ ማን ምን እንዳለህ ጻፍ። ክፍል በቀየረ ቁጥር የዓይን ምርመራው መቼ እንደሆነና ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በስም ጠይቅ። ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የመስማት ምርመራውንም እንዲሁ።

5. ስቶማው የሚዘጋው ክብደቱ ሲጨምርና አንጀቱ ሲያገግም ነው፣ ሳምንታት ይወስዳል፣ አታጣድፋቸው። ቤት ከገባችሁ በኋላም ቢሆን የዳነው አንጀት በጠባሳ ሊጠብ ይችላል። አረንጓዴ ካስመለሰው ወይም ሆዱ እንደገና ከተነፋ እስኪነጋ አትጠብቅ፣ ይዘኸው ሂድ። ስቶማው እያለ ገላ ለገላ ማቀፍ ይቻላል ወይ ላልከው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ይቻላል፤ የኛ ልጅ መጀመሪያ የታቀፈችው በኔ ደረት ላይ ነው። የቀረውን ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልስልሃለሁ።