«ኩላሊትሽ ደክሟል» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እማዬ 61 ዓመቷ ነው። ወገቧንና ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊት ደግሞ ሁለት ሦስቴ ለሽንት ትነሳለች። ጎረቤታችን «ወደ ዱከም መንገድ አንድ ቻይናዊ ሐኪም አለ፣ እጅሽን ይዞ ብቻ በሽታሽን ይነግርሻል» ስላለቻት ይዣት ሄድኩ። ሰውዬው ሁለቱንም እጇን ተራ በተራ ይዞ ዝም አለ፣ ምላሷን አየ፣ ጥቂት ጠየቃትና በአስተርጓሚ «ኩላሊትሽ ደክሟል» አላት። ደም የለ፣ ሽንት የለ፣ አልትራሳውንድ የለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ለቅሶ ቤት መስሏል። እማዬ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ስንት ብር ነው እያለች ሰው ትጠይቃለች። እውነት እጅ ተይዞ ኩላሊት ይታወቃል? የሰጣትን ዱቄትስ ትውሰድ?
የጨነቃት ልጅ

መልስ፦ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ሰውዬው ዲያሊሲስ የሚያስፈልገውን ኩላሊት አላለም። ሊል የፈለገው ሌላ ነገር ነው፣ መንገድ ላይ አማርኛው አሳሳተው።

እስቲ አስቢው። እኛ «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ሰውየውን ለአልትራሳውንድ የሚልከው ማን ነው? ሐሞተ ቢስ ማለት ፈሪ ማለት ነው፣ አለቀ። (የሚገርመው ቻይናዎቹም ድፍረትን ከሐሞት ነው የሚያገናኙት፣ በዚህ እንኳ ሳንገናኝ ተስማምተናል።) እናትሽም ቤተ ክርስቲያን «ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ» ሲባል ሰምተው አያውቁም አይባልም፣ ያኔ ግን ስለ ሽንት አላሰቡም። የቻይና ባህላዊ ሕክምና «ኩላሊት» የሚለውም እንደዚሁ ሰፊ ነው። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ማከማቻ ነው ይላሉ። እድገት፣ መውለድ፣ አጥንት፣ ፀጉር፣ ጆሮ፣ ወገብና ጉልበት ሁሉ እሱ ስር ናቸው። ስለዚህ ወገቡን የሚያመው፣ ጉልበቱ የሚከዳው፣ ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ትልቅ ሰው ሲመጣ «የኩላሊት ጉድለት» የሚባለው ገና እጁ ሳይያዝ በግማሽ የታሰበ ነው። በእኛ አነጋገር «ዕድሜ ነው፣ አቅም አንሷል» እንደማለት ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ምን ያድርግ፣ ቃሉ ኩላሊት ነው፣ ኩላሊት አለ።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። ምርመራቸው አራት ነው፦ ማየት፣ መስማትና ማሽተት፣ መጠየቅ፣ መዳሰስ። መስማትና ማሽተት እንደ አንድ የሚቆጠሩት በቻይንኛ ሁለቱም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ነው። ድምፅሽን ይሰማል፣ ትንፋሽሽን ያሸታል፣ ፊትሽን፣ አረማመድሽን ያያል። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ግን የእጁ ነገር ነው። እኔም ባለፈው ዓመት ለማየት ብዬ ገላን በኩል አንዱ ጋ ሄጄ ነበር። እጄን ትንሽዬ ትራስ ላይ አስቀመጠና ሦስት ጣቶቹን ከአውራ ጣቴ በታች፣ የደም ምት የሚቆጠርበት ቦታ ላይ ደረደራቸው። መጀመሪያ ዝንብ ያረፈብኝ ያህል ነካኝ። ከዚያ ጫን አለ። ከዚያ አጥንት እስኪያገኝ ተጫነኝ። ሰዓት አላየም፣ የሚቆጥረው በራሱ ትንፋሽ ነው። እሱ አንዴ ተንፍሶ እስኪጨርስ የእኔ ልብ አራቴ ያህል ከመታ ደህና ነኝ፣ ከዚያ ካነሰ ቀዝቃዛ፣ ከበዛ ትኩሳት ነው ይላሉ። እያንዳንዱ ጣት ደግሞ የራሱ የውስጥ አካል አለው። በግራ እጅ ልብ፣ ጉበት፣ ኩላሊት። በቀኝ ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ደግሞ ኩላሊት። የእናትሽ ነገር የተገኘው በቀለበት ጣቱ ስር ነው ማለት ነው።

ሊ ሺዠን የሚባል ቻይናዊ ሐኪም በፈረንጆች 1564 እንዲህ እንዲህ ያሉ 27 የደም ምት ዓይነቶችን ዘርዝሮ ጽፏል። አንዱ እንደተወጠረ የክራር ክር ጣት ስር ይገትራል፣ ሌላው እንደ ዶቃ ይንከባለላል። እውነቱን ለመናገር መግለጫው ያምራል፣ እጄን ሲለቀኝ እኔም በልቤ «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር ያውቃል» ብያለሁ። ግን ሦስቱም ጣቶች ያረፉት አንድ የደም ቧንቧ ላይ ነው። ከኩላሊት ተነስቶ የቀለበት ጣት ስር የሚመጣ የተለየ መስመር የለም። ሁለት ሐኪሞች አንድን ሰው ለየብቻ መርምረው የተለያየ ነገር ማለታቸውም በጥናት በተደጋጋሚ የታየ ነው።

በነገራችን ላይ ሐኪሙ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ የሚመድበው በአራት ጥንዶች ነው፦ ከውጭ ወይስ ከውስጥ፣ ቀዝቃዛ ወይስ ትኩስ፣ ጉድለት ወይስ ትርፍ፣ እነዚህን ሁሉ የሚጠቀልለው ደግሞ ዪንና ያንግ፣ እንደ ጥላና ብርሃን ያሉ ተቃራኒ ጥንዶች ማለት ነው። የበሽታ ስም አይደለም፣ የሁኔታ ስም ነው። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ መታኝ» ላደግንበት ሰዎች ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

እናትሽን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ክሬቲኒን የሚባል የደም ምርመራ አለ፣ የሽንት ፕሮቲንም ይታያል። ግፊትና ስኳር የግድ ይለኩ፣ ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት እነሱ ናቸውና። ሌሊት ለሽንት መመላለስ የስኳር ምልክትም ሊሆን ይችላል፣ እኔን ያሳሰበኝ ከእጁ ይልቅ ይሄ ነው። ኩላሊት ደግሞ ብዙ ተጎድቶም ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ ሰውዬው «ደህና ነሽ» ብሏቸው ቢሆንም ኖሮ ሂጂ እልሽ ነበር።

ዱቄቱን ይተዉት። በፈረንጆች 1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመቅጠን ብለው የቻይና ቅጠል ያለበት እንክብል ሲወስዱ ከነበሩ ሴቶች ከ100 በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጎድቷል። አንዱ ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል ሌላ ዕፅ ተተክቶ ነበር፣ የተተካው ደግሞ አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ አለበት። የእናትሽ ዱቄት ውስጥ ያ አለ አላልኩም። ምን እንዳለበት ማንም አልነገራችሁም ነው ያልኩት።

ጥያቄ፦ ገላን ቻይናዎች ፋብሪካ ነው የምሠራው። አለቃዬ የባህል ሕክምናችን ኖቤል ተሸልሟል ይላል። ጉራ ነው?

መልስ፦ ጉራ አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ በፈረንጆች 2015 ኖቤል የወሰደችው ከአንድ ዕፅ አርቴሚሲኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በማግኘቷ ነው። ዘዴውን ያመላከታትም ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ ነው፣ ዕፁን ቀቅሉት ሳይሆን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጭመቁት ይላል። ጤና ጣቢያ ለወባ የሚሰጡህ ኮአርተም የዚያ ዘር ነው። የተሸለመው ግን መድኃኒቱ ነው፣ እጅ መያዙ አይደለም። ወባ እንዳለብህ ለማወቅ ዛሬም ጣትህን ወግተው ደም ያያሉ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነኝ። የግፊት ክኒን እወስዳለሁ፣ ለወገቤ ቻይናዊ ሐኪም ጋ ለቅዳሜ ጠዋት ተይዞልኛል። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ክኒንህን ማንም ቢልህ እንዳታቋርጥ፣ የምትወስደውንም እሽጉን ይዘህ ሄደህ አሳየው። ምላስህን አትፋቅ። ቡናም ጠጥተህ አትሂድ። እኔ ሁለት ስኒ ጠጥቼ ሄጄ ሰውዬው ምላሴን ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ ደግሞ አየው፣ እኔ በሆዴ ኑዛዜዬን ጀመርኩ፣ ከዚያ አስተርጓሚው ልጅ እየሳቀ «ቡና ጠጥተሃል ወይ ይልሃል» አለኝ።