ብድሩን በምስክር ብቻ ማስረዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ለጎረቤቴ 18,000 ብር ካበደርኩት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ወረቀት አልተጻጻፍንም፤ ገንዘቡን ስቆጥርለት ግን ሁለት ሰዎች አይተዋል። «አልከፍልም» አይልም፤ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ያመላልሰኛል። ምስክሮቼን ይዤ ልክሰሰው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እባክዎ ገና አይክሰሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያበድረው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚያ ይበልጣል። ጎረቤትዎ ችሎት ቀርቦ ቢክድ ሁለቱ ሰዎች ያዩት ነገር አያድንዎትም። ያኔ የሚቀርዎት እሱ እንዲምል መጠየቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብዎን በእሱ ኅሊና ላይ መጣል ነው። በባንክ የላኩ ሰዎችም አይዘናጉ፤ ደረሰኙ ገንዘብ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን አይናገርም። ተቀባዩ «ዕዳውን ነው የከፈለኝ» ሊል ይችላል።

ስለዚህ ሰውየው ዕዳውን ሳይክድ አሁኑኑ ሽማግሌ ይላኩበት። ሽማግሌዎቹ እርቅ ብቻ አውርደው እንዳይነሡ፤ ያመነውን ያስጽፉት። ጽሑፉ የሁለታችሁን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ገንዘቡን በአኃዝና በፊደል፣ የተበደረበትንና የሚከፍልበትን ቀን ይያዝ። እሱም ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበት። ማንበብ የማይችል ከሆነ አሻራው ብቻውን አይበቃም፤ በሰነድ አረጋጋጭ ወይም በዳኛ ፊት መረጋገጥ አለበት።

ቀኑ ካለፈ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡትና ቅጂውን ያስቀሩ። ወለድ ባትዋዋሉም እንኳ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ሕጋዊው 9 በመቶ ይታሰብልዎታል፤ በ18,000 ብር ላይ በዓመት 1,620 ብር ነው። ክሱን የሚያቀርቡት እሱ በሚኖርበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ወረቀቱ በእጅዎ ስላለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ይጠይቁ፤ ተከሳሹ መከላከያ የለውም ብለው እንደሚያምኑ በቃለ መሐላ ይገልጻሉ። እሱ ለመከራከር አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀ ይፈረድልዎታል። የዳኝነት ክፍያውን ከረቱ ከወጪና ኪሳራ ጋር ያስመልሳሉ። መክፈል ለማይችል ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይፈቀዳል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ብዙ ሰው እውነት ይዞ የሚሸነፈው ቀጠሮ በመቅረት ነው። እርስዎ ቀርተው ተከሳሹ ቀርቦ ከካደ መዝገቡ ይዘጋል፤ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብም አይችሉም። በቂ ምክንያት ካለዎት ግን በአንድ ወር ውስጥ መዝገቡ እንዲከፈት ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ምግብ ቤት ቆሮሶ ዓሣ በዱቤ አስረክብ ነበር። የተፈረመ ነገር የለኝም። እኔም ተስፋ ልቁረጥ? (ከጣና ዳር)

መልስ፦ በፍጹም። የእርስዎ ሽያጭ እንጂ ብድር አይደለም፤ የዓሣ ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ ስለሌለ ምስክር ይበቃዎታል። ዓሣውን ሲያስረክቡ የነበሩትንና የተቀበለውን ሠራተኛ በማስረጃ ዝርዝርዎ ያስገቡ። ክሱ ላይ ድምሩን ብቻ አይጻፉ፤ በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ፣ ኪሎው በስንት ብር እንደሆነ ይዘርዝሩ። ምስክሩ የሚጠየቀው ይህንኑ ስለሆነ ቃሉ ከክሱ ጋር ካልገጠመ ዳኛው ሊያምነው ይቸገራል።