ጥያቄና መልስ፦ የጣልነው ፌስታል የማን ደጅ ይደርሳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለሚሰጡን ትምህርት እግዚአብሔር ይስጥልን። ወለተ ሚካኤል እባላለሁ፤ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። ትንሿ ልጄ ገና ጡጦ ትጠባለች። ቤታችን በፌስታል፣ በሃይላንድና በውኃ ጀሪካን ተሞልቷል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሲዘገዩ ከብሎካችን ጀርባ ባለው ሜዳ እናቃጥለዋለን፤ ልቤ ግን አልተረጋጋም። ባለቤቴ «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ከሃይማኖት ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ? ደግሞስ ጠበል ያመጣንበትን ሃይላንድ ከቆሻሻ ጋር መጣል ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኅቴ ወለተ ሚካኤል፣ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ስለ ጾም ምግብና ስለ ስግደት የሚጠይቁ ምእመናን ብዙ ናቸው፤ ከቤታቸው ስለሚወጣው ቆሻሻ የሚጠይቁ ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ባለቤትሽ መንግሥት ድርሻ አለው ማለቱ ልክ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠና የማይበሰብስ ፌስታል ለንግድ እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢት መጠቀምን ራሱን ከልክሏል። ነገር ግን ከሁለቱም አዋጆች በፊት አንድ አደራ ተሰጥቷል። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከአዳም የተወለደ ሁሉ ይህን አደራ ወርሷል፤ ባለቤትሽም፣ አንቺም፣ እኔም።

ከዚህ ይልቅ ግን በጌታ ፊት የቀረበውን ያንን ጥያቄ አብረን እንድናስብ እፈልጋለሁ፤ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» (ሉቃ. 10፥29)። በክረምት ጎርፍ ከደጃችሁ የሚጠርገው ፌስታል ወዴት ይሄዳል? በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉት ጅረቶች አብዛኞቹ ተሰብስበው ወደ ትልቁና ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ። ሁለቱ አቃቂዎች ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አዋሽ ይቀበላቸዋል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲገባ ጉዞው እዚያው ያበቃል። እንግዲህ ከእኛ ቤት የወጣውን ፕላስቲክ ውቅያኖስ መጥቶ አይወስድልንም፤ በዚሁ በአገራችን አፈር ይቀራል። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ፣ በአዋሽ ዳር ግመሉን የሚያጠጣው የአፋር አርብቶ አደር፣ ፌስታሉ የሚደርሰው ለእነርሱ ነው። ቢሰባበርም አይበሰብስም። እየደቀቀ፣ ዓይን የማያየው ብናኝ እየሆነ ከአፈሩና ከውኃው ጋር ይቀላቀላል።

በእናንተው ሰፈር ዳር የሚግጡትን ከብቶችም አስቢ። የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ላም ከነትርፍራፊው ትውጠዋለች፤ ጨጓራዋ ውስጥ ይከማችና መብላት እያቃታት ትከሳለች፣ ትሞታለችም። «ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ተብሎ ተጽፏል (ምሳ. 12፥10)። ያቺ ላም የሌላ ሰው ሀብት፣ የልጆቹም ወተት ናት።

በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የሆነውንም አንረሳም። ለአሥርተ ዓመታት የተከመረው የከተማችን ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ተራራ ከእያንዳንዳችን ቤት በወጣ ነገር የተሠራ ነው። ለሞቱት እየጸለይን ወደዚያ የምንልከውን መቀነስ ለእነርሱ የምናሳየው አክብሮት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ማቃጠሉ ያለ ማለባበስ ልናገር። ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። የፕላስቲክ ጭስ እንደ እንጨት ጭስ አይደለም። በተለይ ፒቪሲ የሚባለው ዓይነት ሲነድ ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ይወጣዋል፤ ይህ መርዝ በአመዱም ውስጥ ይቀራል፣ በአመዱ ላይ የምትጭር ዶሮም ወደ እንቁላሏ ታስተላልፈዋለች። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ስለሚተነፍሱ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ይከፋል። ጭሱ ደግሞ የጎረቤትሽንም መስኮት ያንኳኳል። ከላይ ፎቅ ያለችው አራስ፣ አስም ያለባቸው አዛውንት ሳይጠየቁ ይተነፍሱታል። ሰብሳቢዎች ቢዘገዩም ደረቁን ከእርጥቡ ለይታችሁ በማዳበሪያ አስሩና አቆዩት፤ ሽታ የሚያመጣው የምግብ ትርፍራፊ ነው፣ ደረቁ ፕላስቲክ ሳምንት ቢቆይ አይጎዳችሁም። በዚህ አጋጣሚ ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል የመለኮስ ልማድ በብዙ ቤት አለ። ቡና በሚፈላበት፣ ልጆች በሚከቡት ምድጃ ላይ ይህ መደረጉ ያሳዝነኛል። ጭራሮ ወይም ወረቀት ይበቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ጥያቄሽ የሚከብደኝም እዚህ ላይ ነው። ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። ትኩስ ሽሮ በፌስታል መቋጠር፣ የፈላ ሻይ በስስ ፕላስቲክ መጠጣት፣ ሃይላንድ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ውኃውን ለሕፃን መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ በፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ወደ ምግቡ እንዲወጣ ያግዛሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቢስፌኖል ኤ የተባለው ኬሚካል ያለበትን የሕፃናት ጡጦ የከለከሉት በዚህ ስጋት ነው። ለትንሿ ልጅሽ የብርጭቆ ጡጦ ብታገኚ መልካም ነው። ካላገኘሽ ወተቱን በብረት ድስት አፍልተሽ፣ በሳህን አብርደሽ፣ ለብ ሲል ወደ ጡጦው ገልብጪው። የተጫጫረና የደበዘዘ ጡጦ አቆይተሽ አትጠቀሚ። ጡት የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ አታቋርጪ፤ ከዚያ የሚሻል ዕቃ የለም።

ትምህርት ቤት ለሚሄዱት የብረት ምሳ ዕቃ ግዢላቸው። በመጀመሪያ ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። ዳቦና አምባሻ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል። በላስቲክ የታሸገ ብስኩትና ችብስ በየቀኑ ከመግዛት ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ በትንሽ ጨርቅ ቋጥረሽ ስጫቸው፤ በጾም ወራትም ያገለግላል። ልጆቹ ግን በጓደኞቻቸው ፊት እንዳያፍሩ ተጠንቀቂ። ልጅ የሚያፍርበትን ነገር ኋላ ይጠላዋል። ወደ ጉሊት ስትሄጂ ዘንቢሉን ታላቁ ልጅሽ ይያዝ፤ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ሻጯ ፌስታል ሳታነሣ «እዚህ ላይ ያድርጉልኝ» ይበላት። ከአንድ ሙሉ ስብከት ይልቅ ይህ ተግባር በልቡ ይቀራል።

ስለ ጀሪካኑ አትጨነቂ። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖር እናት ጀሪካኗን ጣይ የሚላት ሰው የቤቷን ኑሮ አያውቅም። ያለሽን ዕቃ እስኪያረጅ መጠቀም ራሱ ብክነትን መቀነስ ነው። መድኃኒት ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ብቻ ለውኃ አታውዪው።

ሌላው ብዙ ፕላስቲክ የሚወጣው ከድግሳችን ነው፤ ከክርስትና፣ ከሰንበቴ፣ ከልደት። አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣል ሳህንና ኩባያ በየአዳራሹ ተለምዷል። የዕድራችሁ ዕቃ ቤት ግን ሳህንና ብርጭቆ አለው፤ ከጎደለው ለሚቀጥለው ዓመት እንዲሟላ በስብሰባ ላይ አንሺው። ጌታ አምስት ሺህ ሰው ካበላ በኋላ እንኳ የተረፈው አንድ ስንኳ እንዳይጠፋ አዝዟል፤ ደቀ መዛሙርቱም አሥራ ሁለት መሶብ ሰበሰቡ (ዮሐ. 6፥12-13)። በተአምር እንጀራ የሚያበዛ አምላክ ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ ካዘዘ፣ እኛ በብድር ደግሰን ለማባከን ምን ምክንያት አለን?

ስለ ጠበሉ ሃይላንድ የጠየቅሽውን ልመልስ። የተባረከው ውኃው ነው፤ ፕላስቲኩ መያዣ ነው። ስለዚህ ባዶውን ማስወገድ ኃጢአት አይሆንብሽም። የቀረ ጠበል ካለበት እግር በማይረግጠው ንጹሕ ስፍራ፣ ለምሳሌ በዛፍ ሥር፣ አፍስሺው። የቅዱሳን ሥዕል የተለጠፈበት ከሆነ ሥዕሉን በጥንቃቄ አንሺና ለይተሽ አስቀምጪ፤ ከቆሻሻ ጋር መቀላቀል አይገባውም። ከዚያ በኋላ ሃይላንዱን አጥበሽ ከሌሎቹ ጋር ለቁራሌ ስጪው። ይህን የሚሰበስብ ሰው በላቡ የሚበላ ነው፤ ንጹሑን ለይተሽ ስታስረክቢው እጁን ከቆሻሻ ትጠብቂለታለሽ። ለወደፊቱ ግን ለቤታችሁ ጠበል ክዳን ያለው አንድ ብርጭቆ ወይም የብረት ዕቃ ለዩለትና በሄዳችሁ ቁጥር እርሱን ያዙ። የአጥቢያችሁን ቄሰ ገበዝም በጠበሉ ቦታ ደረቅ ቆሻሻ የሚለይበት በርሜል እንዲቆም በአክብሮት ጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ቢነገራቸው ይሠሩታል።

ባለቤትሽን በክርክር ለመርታት አትሞክሪ። አብራችሁ ጀምሩት፤ ማቃጠሉን መተው ከሁሉ ስለሚቀድም በእርሱ ጀምሩ፣ ሌላውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የሚከብድሽ ነገር ካለ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ቤታችሁን ስለሚያውቁ ከእኔ የተሻለ ይመክሩሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።