መልስ፦ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ሳነሳ ፊታቸው ለምን ይጠቁራል?

ካሜራህ አልተበላሸም፤ ያታለለው ነጠላው ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ፍሬሙን ነጭ ሲሞላው ብርሃን በዛ ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፣ ፊትም አብሮ ይሄዳል።

1. የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነህ ወደ +1 ውሰደው። አሁንም ከጠቆረ ትንሽ ጨምር።

2. ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ካሜራው ላይ የጨለማና የብርሃን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ፣ እይ። ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተጣበቀ የነጠላው ሽመና ጠፍቷል ማለት ነው፤ መልሰህ ቀንስ። በሮው (RAW፣ ካሜራው ያነሳውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት ፋይል) ካነሳህ ፊቱን በኋላም ማብራት ትችላለህ።

3. በቀትር ፀሐይ አታንሳ። የምታነሳባት ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀትሩ ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። በረንዳ ጥላ ውስጥ አስገባቸውና ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙር። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ሲወርድ ግን ቶሎ ውጣ፤ ያን የመሰለ ብርሃን ስቱዲዮ ውስጥም አታገኝም።

ለኤግዚቢሽን ነው ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር። «አንሳኝ» ማለት «ስቀለኝ» ማለት አይደለም። እኛ ስናሳይ አንዲት እናት መጥተው ፎቷቸው እንዲወርድ ጠየቁ። የነጠላቸው ጥለት ወደ ላይ፣ አንገታቸው ጋ ነበር፤ ለካ ሐዘን ላይ ሳሉ ነው የተነሱት። ወዲያው አወረድነው። አንተ ትልቁን ከማሳተምህ በፊት ትንሽ ኮፒ ይዘህ ቤታቸው ሂድ፣ አሳያቸው፣ የት እንደሚሰቀልም ንገራቸው። ኮፒዋን እዚያው ተውላቸው።