«ሞቱ»፣ «አለቁ» ወይስ «ጠፉ»?

ጥያቄ፦ ስለ ባሕር ሞለስኮች (እንደ ቀንድ አውጣ ያሉ፣ ለስላሳ አካልና ብዙውን ጊዜም ዛጎል ያላቸው እንስሳት) ቅሪተ አካል በማዘጋጀው ጽሑፍ ውስጥ «አሞናይቶች ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጅምላ እልቂት ሞቱ» ብዬ ነበር (አሞናይቶች የተጠቀለለ ዛጎል የነበራቸው የጥንት የባሕር ሞለስኮች ናቸው)። አራሚዬ «እልቂት»ንም «ሞቱ»ንም አልተቀበለም። ትክክለኛው አነጋገር የትኛው ነው?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ነው። መሞት የአንድ እንስሳ፣ መጥፋት ደግሞ የዝርያ ወይም ከዝርያ የሰፋ ወገን ዕጣ ነው። ሥጋ በል ቀንድ አውጣ የቦረቦረው ክብ ቀዳዳ ያለበት ዛጎል ቢያገኙ፣ ቀዳዳው የዚያን እንስሳ አሟሟት ይነግርዎታል፤ ዝርያው ግን ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። «አለቁ» በመካከል ይቆማል፤ በአንድ ዳርቻ የነበሩት ሁሉ ተሟጠው ሲያበቁ ይስማማል፣ ሌላ ቦታ የቀሩ መኖራቸውንም አይከለክልም።

«እልቂት» የሚቆጥረው የሞቱትን ነው። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ጠንካራው ዛጎላቸው በደለል ውስጥ ስለሚቆይና በሕይወት ካሉት ዘመዶቻቸው ጋር ለማነጻጸር ስለሚመቹ ሞለስኮችን ሲያጠኑ፣ የሚቆጥሩት የተቋረጠውን የዘር ሐረግ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዴቪድ ጃብሎንስኪ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በክሬቴሸስ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ማለትም ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ከደረሰው ጥፋት የተረፉት በይበልጥ በሰፊ የባሕር ክልል የተሠራጩ ጂነሶች (የተቀራረቡ ዝርያዎችን የሚያቅፉ ወገኖች) መሆናቸውን አሳይቷል፤ በተለመደው ጊዜ ይጠቅም የነበረው በአንድ ጂነስ ውስጥ ያለ የዝርያ ብዛት በዚያን ጊዜ ከለላ አልሆነም። ከተረፉት ጂነሶችም ስፍር ቁጥር የሌላቸው እንስሳት እንደሞቱ አያጠራጥርም፤ ስለዚህ «እልቂት» ካልን የተረፈውንና ያልተረፈውን የምንለይበት ቃል እናጣለን። እኔ «የጅምላ መጥፋት» የሚለውን እመርጣለሁ።

«ጠፋ» ግን አንድ ጥንቃቄ ይሻል፤ የጠፋ ነገር ሊገኝም ይችላልና። ትሪጎኒያ የሚባሉት ሞለስኮች በቅሪተ አካል ብቻ ይታወቁ በነበረበት ጊዜ፣ በ1802 እ.ኤ.አ. የቅርብ ዘመዳቸው ዛጎል በአውስትራሊያ ባሕር ተገኘ። እንዲህ ላለው ወገን «ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር» ይባላል እንጂ «ጠፍቶ ተመለሰ» አይባልም፤ የተቋረጠ ዘር አይመለስምና፣ የጎደለው የእኛ ዕውቀት ነበር።

የእርስዎን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ቢያርሙት ይሻላል፦ «አሞናይቶች ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በደረሰው የጅምላ መጥፋት ዘራቸው ጠፋ።» ከዚህ አልፈው «ወገናቸው ሁሉ» እንዳይሉ ግን አደራ፤ የሩቅ ዘመዳቸው ናውቲለስ ዛሬም በባሕር ውስጥ ይኖራል።